የሚሸጠው አምባር፣ የሚገዛው ደቂቃ

በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች አረጋውያን ሳይታዩ ከበር እንዳይወጡ የሚጠብቀው የደወል መሣሪያ ንግድ ከየት ያተርፋል? ከየትስ ይከስራል?

ጊዜው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። ወሩ ጥር፣ ቦታው ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት በሚኒሶታ ስቴት የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የመርሳት በሽታ ያደረባቸው አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ከአልጋቸው ተነሥተው ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። አርባ ዓመት የሠሩበት ፋብሪካ የማለዳ ፈረቃ እንዳያመልጣቸው ቸኩለዋል። ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እርሳቸው ግን ይህን አያስታውሱም። ኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን በር አገኙና ገፉት።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የታሠረው፣ ከእጅ ሰዓት የማይበልጥ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ቢያንስ ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ እንደዚያ ብሎ ነው የሚሸጠው። መሣሪያውን ገዝተው ዓመታት የተጠቀሙ የመጦሪያ ቤት ባለቤቶች ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያሰሉታል። አምባሩ ሰው አያስቆምም፤ ደወል ብቻ ያስጮኻል። ደወሉን ሰምቶ የሚሮጥ ሠራተኛ ከሌለ ገንዘቡ የወጣው ለጩኸት ነው።

የሒሳቡን ልክ ለማወቅ አዋቂ መሆን አያሻም። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚራመድ ሰው በአንድ ደቂቃ 60 ሜትር ይሄዳል። በዚህ ርቀት ላይ ከሆነ ገና መኪና ማቆሚያው አካባቢ ነው፤ ዘወር ብሎ ያየ ያገኘዋል። አሥር ደቂቃ ካለፈው ግን 600 ሜትር ርቋል። ያን ጊዜ በየትኛው አቅጣጫ እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ ፍለጋው የፖሊስ ሥራ ይሆናል። እንግዲህ ገዢው የሚከፍለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ላለው ልዩነት ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

የአሜሪካው የአልዛይመር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት መሠረት በዚያች አገር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል 7.2 ሚሊዮን ያህሉ ከአልዛይመር በሽታ ጋር ይኖራሉ። የመርሳት በሽታ ካለባቸው ከአሥር ሰዎች ስድስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቤት ወጥተው እንደሚባዝኑም ይኸው ማኅበር ይገልጻል። በአገሪቱ 15 ሺህ ገደማ ነርሲንግ ሆሞች ሲኖሩ፣ በውስጣቸው ከ1.2 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች ይጦራሉ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው በሐኪም የታወቀ ነው። የደንበኛ እጥረት የሌለበት ገበያ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የበሽተኛው መብዛት ብቻውን ገበያ አይፈጥርም። በሽታው ድሮም ነበር። ያኔ መድኃኒቱ ገመድ ነበር፤ ቃሉ ቢከብድም እውነቱ ይኸው ነው። ተነሥቶ የሚሄድ አዛውንት ከወንበሩ ጋር በቀበቶ ይታሠራል፣ ካልሆነም የሚያፈዝ መድኃኒት ተሰጥቶት ቀኑን ሲያንቀላፋ ይውላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች አርባ በመቶ ያህሉ በዚህ ዓይነት ይታሠሩ ነበር።

ይህን የለወጠው ፕሬዚዳንት ሬጋን በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. 1987 የፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ለሠራተኛው ምቾት ወይም ለቅጣት ተብሎ በገመድም ሆነ በመድኃኒት ያለመታሠር መብት ሰጠ። ማሠሪያው ቀስ በቀስ ከየቤቱ ወጣ። አዛውንቱ ተፈታ፤ የተፈታ ሰው ደግሞ ይሄዳል። በሌላ በኩል ያው መንግሥት መጦሪያ ቤቱን “ሰውየው ሾልኮ ወጥቶ ጉዳት ቢደርስበት ተጠያቂው አንተ ነህ” ይለዋል። አትሠረው፣ ግን አይጥፋብህ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው የአምባሩ ንግድ የገባው።

ዕቃው እንዴት ይሠራል?

በመደብሮች በር ላይ ሳይከፈልበት የሚወጣ ልብስ ሲያልፍ የሚጮኸውን ደወል ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ ያህል ተረድቶታል። ልዩነቱ የመደብሩ ምልክት የራሱ ባትሪ የሌለው መሆኑ ነው። የአረጋዊው አምባር ግን በውስጡ ባትሪና አነስተኛ የራዲዮ ማሰራጫ አለው።

በአብዛኞቹ ዓይነቶች በሩ አጠገብ፣ በግድግዳው ወይም በጣሪያው ላይ አንቴና ይተከላል። አንቴናው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ባለው ሞገድ በበሩ ዙሪያ ጥቂት ሜትር የሚሸፍን የማይታይ ክበብ ይሠራል። አምባሩ ክበቡ ውስጥ ሲገባ ይነቃና በሌላ፣ ከፍ ባለ ሞገድ ማንነቱን ያሳውቃል። ዝቅተኛው ሞገድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ከፍተኛ ሞገድን ይውጣል፤ አዛውንቱ በአምባሩ ላይ ቢተኙበት ወይም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቢከቱ መልእክቱ ሊታፈን ይችላል። ዝቅተኛው ሞገድ ግን ሥጋን አልፎ ይሄዳል።

መልእክቱ ሲደርስ መቆጣጠሪያው በመጀመሪያ በሩ ዝግ ነው ወይስ ክፍት ብሎ ይመለከታል። ዝግ ከሆነ በማግኔት ቁልፍ ጠርቅሞ ይይዘዋል። ክፍት ከሆነ ወይም አዛውንቱ ከእንግዳ ኋላ ተከትለው ከወጡ ደወሉ ይጮኻል። ርካሽ በሆኑት ዓይነቶች የሚጮኸው በሩ ላይ ያለው ደወል ብቻ ነው። ሻል ያሉት የበሩንና የነዋሪውን ስም ወደ ነርሶች ጠረጴዛና ወደ ሠራተኞች ስልክ ይልካሉ። “በር ጮኸ” በሚልና “ክፍል 14 ያሉት እማማ በምሥራቅ በር ናቸው” በሚል መልእክት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የደቂቃው ልዩነት ግን ከዚያ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የእሳት አደጋ ደንብ ጣልቃ ይገባል። በር ቆልፎ ሰው ማቃጠል አይቻልምና የአሜሪካ የሕይወት ደኅንነት ደንብ የሚያዘገይ ቁልፍን ብቻ በልክ ይፈቅዳል። በሩን ጥቂት ሰከንድ የገፋ ሰው ደወል ያስነሣል፤ ከ15 ሰከንድ በኋላ ደግሞ በሩ ይከፈትለታል። ባለሥልጣን ከፈቀደ 30 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። የእሳት ማንቂያ ሲጮኽ ወይም መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ወዲያው ይለቃል። ይህንንም የሚገልጽ ጽሑፍ በሩ ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው። ማንበብ ያልረሳ የመርሳት በሽተኛ ጽሑፉን አንብቦ በትዕግሥት 15 ሰከንድ ገፍቶ እንደሚወጣ ሠራተኞቹ እየሳቁም እያዘኑም ያወራሉ።

ትርፉ ያለው የት ነው?

የአምባሩ ባትሪ በፕላስቲኩ ውስጥ ታሽጎ የተሠራ በመሆኑ አይቀየርም። ውኃ እንዳይገባው ነው፤ አዛውንቱ ገላቸውን ሲታጠቡም አይወልቅምና። ለሻጩ ግን ሌላም ጥቅም አለው። ባትሪው ሲያልቅ አምባሩ ይጣላል፤ ሌላ ይገዛል። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር አለ፣ አንድ ዓመት የሚሄድ አለ፣ ሦስት ዓመት የሚሄድም አለ። በርካሽ የሚሸጠው አጭሩ ነው።

አንድ መቶ አልጋ ያለው ቤት ሃያ ነዋሪዎች አምባር ያሥራሉ ብንል፣ የአንድ ዓመቱን የመረጠ ባለቤት በአምስት ዓመት ውስጥ መቶ አምባር ይገዛል። የሦስት ዓመቱን የመረጠው በአርባ ይጨርሳል። ከዚህ ላይ ተቆርጦ የተጣለ፣ ከአንሶላ ጋር ወደ ልብስ ማጠቢያ የሄደ፣ ወደ ሆስፒታል ከተላከ በሽተኛ ጋር ሄዶ የቀረ ይጨመርበታል። ምላጭ የሚሸጥ ነጋዴ የምላጩን እጀታ በቅናሽ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ በዚህ ንግድም የበሩ ዕቃ መግቢያ ነው፤ ዘላቂው ገቢ ያለው በአምባሩና በዓመታዊው የጥገና ውል ላይ ነው።

ይህን የተረዱ ትልልቅ ኩባንያዎች ወደ ገበያው ለመግባት ገንዘብ አልቆጠቡም። በመዶሻና በሜትር የሚታወቀው የአሜሪካው ስታንሊ፣ ለአረጋውያንና ለአራስ ሕፃናት ተመሳሳይ መከላከያ የሚሠራውን ኤክስማርክን እ.ኤ.አ. በ2008 በ48 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ሕፃንና አዛውንት በአንድ ዕቃ መጠበቃቸው ለአንባቢ ሊገርም ይችላል፤ ከበሩ አንጻር ግን ሁለቱም ያለ ፈቃድ መውጣት የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ መሠረቱ እስራኤል የሆነውንና በሕንፃ ውስጥ ሰውና ዕቃ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ያለውን ኤሮስካውትን ጠቀለለ። በገበያው ስሙ የገነነው ዋንደርጋርድም በዚሁ በስታንሊ እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የስዊድኑ የጥበቃ ኩባንያ ሴኩሪታስ የስታንሊን የኤሌክትሮኒክስ ጥበቃ ንግድ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የጤናው ክፍልም አብሮ ሄደ። ውሉ የተጠናቀቀው በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 2022 ነው። በዊስኮንሲን ስቴት የሚገኙት አርኤፍ ቴክኖሎጂስና አኩቴክ ደግሞ የራሳቸውን ዕቃ ይዘው ይፎካከራሉ።

ለገዢው የዚህ ሁሉ ግዥና ሽያጭ ትርጉም አንድ ነው። የአንዱ ኩባንያ አምባር ከሌላው ኩባንያ በር ጋር አይነጋገርም። በሩን አንድ ጊዜ የተከለ ቤት አምባሩን ከማን እንደሚገዛ ለብዙ ዓመታት ወስኗል። አምራቹ የድሮውን ዓይነት ማምረት ካቆመ ደግሞ በሩን እንደ አዲስ ማሠራት ይመጣል። ርካሽ ዋጋ ያቀረበለትን ሻጭ “መለዋወጫውን ስንት ዓመት ታቀርብልኛለህ?” ብሎ በጽሑፍ ያላስፈረመ ባለቤት በኋላ ቢያማርር የሚሰማው የለም።

ከፋዩ ማነው?

እዚህ ላይ ገበያው ያነክሳል። በአሜሪካ ከመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ከአሥሩ ስድስት የሚሆኑት ወጪያቸው የሚሸፈነው ሜዲኬይድ በሚባለው ለድሆች በተቋቋመው የመንግሥት መድን ነው። ሜዲኬይድ የሚከፍለው ለአንድ ቀን የተወሰነ ዋጋ ነው እንጂ ለአምባር ለብቻው የሚቆረጥ ሒሳብ የለም። ባለቤቱ ዕቃውን የሚገዛው ከዚያው ከቀኑ ክፍያ ላይ ቀንሶ ነው። ከምግብ፣ ከሞግዚት ደመወዝ፣ ከጣሪያ ጥገና ጋር ይሻማል።

ታዲያ ለምን ይገዛል ቢባል፣ ያለመግዛት ዋጋው ስለሚከብድ ነው። ነዋሪ ጠፍቶ ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን “ሕይወትን ለአፋጣኝ አደጋ ያጋለጠ” ብለው ከመደቡት የፌዴራሉ መንግሥት ቅጣት ጣሪያው በቀን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ቅጣቱ የሚቆጠረው ችግሩ እስኪታረም ባለው ቀን ሁሉ ነው። መንግሥት ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለየቤቱ የሚሰጠው የኮከብ ደረጃም ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ እናቱን የሚያስገባ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ኮከብ የወረደበት ቤት አልጋው ባዶ ያድራል። ከዚህ ሌላ የቤተሰብ ክስ አለ። ክስ የበዛበትን ቤት መድን ሰጪው ወይ ዋጋ ይጨምርበታል፣ ወይ አልፈልግህም ይለዋል።

በመሆኑም ሻጮቹ ስለ ቴክኖሎጂው የሚያወሩት ለነርሷ ነው፤ ለባለቤቱ የሚያወሩለት ስለ ቅጣቱ ነው። ውሉን የሚፈርመው ባለቤቱ ነውና።

ዕቃው እያለ ሰው የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ይህ ገዢ ሊያውቀው ከሚገባ ነገር ሁሉ ዋነኛው ነው፤ በሻጩ ወረቀት ላይ ግን በትንሽ ፊደል የተጻፈው ይኸው ነው። ደወል ያለበት ቤት ውስጥም አዛውንት ይወጣል። ምክንያቶቹ ሲታዩ አብዛኞቹ የራዲዮ ጉዳይ አይደሉም።

ደወሉ በቀን ሃያ ጊዜ ይጮኻል እንበል። አሥራ ዘጠኙ የምሳ ጋሪ የሚገፋ ሠራተኛ ከነዋሪ ጋር ሲያልፍ፣ ልጅ አባቱን ለሽርሽር ሲያወጣ፣ ወይም በሩ አጠገብ ባለው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው መንገድ ማየት የሚወዱ እማማ ክበቡ ውስጥ ስለገቡ ብቻ ነው። ሠራተኛው ደወሉን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ይለምዳል። ቁጥሩን ነክቶ ያጠፋዋል፤ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ አያይም። ሃያኛው ጩኸት እውነተኛው ሲሆን በተመሳሳይ እጅ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ይጠፋል። ነርሶች ይህን የደወል ድካም ይሉታል። “ቀበሮ መጣ” እያለ ያታለለው እረኛ ተረት ማለት ነው፤ እዚህ ግን እረኛው ዋሽቶ ሳይሆን አንቴናው ከሶፋው አጠገብ ስለተተከለ ነው። ሶፋውን አምስት ሜትር ማራቅ ምንም አያስወጣም። ይህን የሚመክር ሻጭ ግን ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛው በር ነው። ሲጋራ ሊያጨስ የወጣ ሠራተኛ በሩን በድንጋይ ደግፎት ይሄዳል። የዕቃ ማራገፊያው በር አንቴና አልተተከለበትም፤ “በዚያ በኩል ነዋሪ አይሄድም” ተብሎ። የመክፈቻው ቁጥር በበሩ አናት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። በደግነት “ይለፉ አባባ” ብሎ በሩን የሚይዝ እንግዳም አለ። ሽማግሌው ኮትና ባርኔጣ አድርገው ከቆሙ ጎብኚ ይሁኑ ነዋሪ ማን ይለያል?

ሦስተኛው አምባሩ ራሱ ነው። ቀኑ አልፎበት የሞተ አምባር በእግር ላይ ታሥሮ መታየቱ ከምንም የከፋ ነው፤ ሠራተኛው አምባሩን አይቶ ተማምኖ ይሄዳልና። ለዚህም ነው አምራቾች እያንዳንዱ አምባር በእጅ በሚያዝ መፈተሻ፣ እያንዳንዱ በርም በየጊዜው እንዲሞከርና ውጤቱ እንዲመዘገብ የሚያሳስቡት። ክስ ሲመጣ ጠበቆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሠላሳ ቀን ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን የተፈረመ መስሎ ከታየ የባለቤቱ ጉዳይ አበቃለት።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው እጥረት አለ። በሌሊት ፈረቃ ሁለት ሰው ለአርባ ነዋሪ ቢመደብ፣ አንዷ አንድ በሽተኛ እያገላበጠች ሌላዋ ሽንት ቤት የወሰደችውን ደግፋ እያለች ደወሉ ይጮኻል። ማን ይሂድ? እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን በአማካይ ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርስና የረዳት ጊዜ እንዲመደብ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የቤቶቹ ባለቤቶች ሠራተኛ ከየት እናምጣ ብለው ተከራከሩ። በሚያዝያ ወር እ.ኤ.አ. 2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣ ሕግም ደንቡ እስከ 2034 (እ.ኤ.አ.) ተግባራዊ እንዳይሆን ከለከለ። ሠራተኛ የማስገደዱ ነገር ሲቀር የማሽን ሻጮች “እንግዲያውስ በኛ ተማመኑ” ማለታቸው አይቀርም። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ግን ደወል የሰውን ክትትል አይተካም ይላል። ሰው ቀንሶ አምባር የጨመረ ቤት በሁለቱም በኩል ይከስራል ማለት ነው።

ተፎካካሪዎቹ

በሳተላይት ቦታን የሚያሳዩ የጂፒኤስ አምባሮችና የጫማ ሶሎች ገበያውን ሊያጠፉት ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ቆይቷል። አላጠፉትም። ጂፒኤስ የሚነግረው ሰውየው ከወጣ በኋላ የት እንዳለ ነው፤ የበሩ አምባር ሥራ ሳይወጣ ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ ኃይል መሙላት ይፈልጋል፤ በሕንፃ ውስጥም ደህና አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ የሰሴክስ ፖሊስ ለመርሳት በሽተኞች የጂፒኤስ መሣሪያ ሲገዛ “ሽማግሌን እንደ ወንጀለኛ ልታስሩ ነው ወይ?” የሚል ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ቤተሰብ ግን በአብዛኛው አባቱ ከሚጠፋበት አምባር ቢያሥር ይመርጣል። አዛውንቱን ራሳቸውን የጠየቀ ካለ ደግሞ አንዳንዶቹ በምግብ ቢላዋ ቆርጠው በመጣል መልሳቸውን ይሰጣሉ።

ከኤሌክትሮኒክስ ውጪ የሆነ መፍትሔም አለ። በኔዘርላንድ ዌስፕ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሆግዌክ የመርሳት በሽተኞች መንደር ነው። ሱቅ፣ ምግብ ቤትና አደባባይ አለው፤ ነዋሪው እንዳሻው ይመላለሳል፤ መውጫው ግን አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ይጠበቃል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ደግሞ አንድ መጦሪያ ቤት ደጃፉ ላይ አውቶቡስ የማይቆምበት የአውቶቡስ ማቆሚያ አቆመ። “ወደ ቤቴ ልሂድ” የሚሉት አረጋውያን እዚያ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ሠራተኛ ወጥቶ “አውቶቡሱ ዘግይቷል፤ እስከዚያ ቡና እንጠጣ” ብሎ ይመልሳቸዋል። ወጪው አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ምልክት ነው። በውሸት ማቆሚያ አዛውንት ማታለል ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ግን አልበረደም።

ለአዲስ አበባ አስመጪ

ይህ ዕቃ አዲስ አበባ ቢመጣ ይሸጣል ወይ ለሚል፣ ለጊዜው ችኮላ አያሻም። በኢትዮጵያ አብዛኛው አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው፤ ጠባቂው ልጅና ጎረቤት፣ የቻለ ቤት ደግሞ ዘበኛ ነው። ማኅበራዊ ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸው ማዕከላት በልገሳ የሚኖሩ በመሆናቸው በየዓመቱ ባትሪው የሚሞት አምባር መግዛት ይከብዳቸዋል። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ የማግኔት ቁልፍ መብራት ሲጠፋ ይለቃልና መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው መሣሪያ መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ጌጥ ነው። ሁለተኛ፣ ራዲዮ ያለው ዕቃ ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለአሜሪካ የተሠራው ዕቃ የሚጠቀምበት ሞገድ በኛ አካባቢ ለሌላ አገልግሎት የተመደበ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያጣራ ከፍሎ ያዘዘ አስመጪ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሲቆም ያን ጊዜ ይማራል።

እውነተኛው ጉዳይ ያለው በባሕር ማዶ ባሉት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታና በሲያትል በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። ደወሉ ሲጮኽ የምትሮጠው ሴት ቤተሰቧን ገንዘብ የምትልክ የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ልጅ ልትሆን ትችላለች። በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ አደልት ፋሚሊ ሆም የሚባሉትን አነስተኛ መጦሪያ ቤቶች ገዝተው የሚያስተዳድሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። እነዚህ ቤቶች እስከ ስድስት፣ በልዩ ፈቃድም እስከ ስምንት ሰው የሚጦርባቸው ተራ የመኖሪያ ቤቶች ናቸው። ከቤተሰብና ከጓደኛ በዕቁብም በብድርም ተሰባስቦ የተገዛ ቤት አንድ ነዋሪ ጠፍቶ ቢጎዳ ፈቃዱም፣ ቁጠባውም፣ ስሙም አብሮ ይሄዳል።

ለእንዲህ ያለ ቤት ለመቶ አልጋ የተሠራው ዕቃ አይሆንም። በሩ ሦስት ነው፤ የፊት፣ የጓሮና የጋራዥ። ስድስት ሰው ብቻ ስላለ ሞግዚቷ ሁሉንም በስም ታውቃለች፤ ማን እንደወጣ የሚነግር ኮምፒውተር አያስፈልጋትም፤ በር መከፈቱን ብቻ የሚያሳውቅ ተራ ደወል ሊበቃት ይችላል። አምባሩ የሚያስፈልገው ከስድስቱ አንዱ ሌሊት የሚነሡ፣ ሌሎቹ አምስቱ ግን እንደልብ የሚወጡ የሚገቡ ከሆነ ነው። ያኔ በሩ ለሁሉም ሳይሆን ለአንዱ ብቻ ይጮኻል። ቁልፍ መቆለፍ ግን አይታሰብ፤ ነዋሪን ቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ሌላ ጥፋት ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ደላላው የሚያዘጋጀው ዝርዝር አልጋውን፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን፣ ማቀዝቀዣውንና መኪናውን ይቆጥራል። “የደወል መሣሪያ፣ አንድ” ብሎም ይጽፋል። አምባሮቹ መቼ እንደተገዙና ባትሪያቸው መቼ እንደሚያልቅ፣ የጥገና ውሉ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል ወይስ ከሻጩ ጋር ይቀራል የሚለው ግን ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ገዢው ቁልፉን ተረክቦ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲያድር፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ክፍል የሚነሡት አዛውንት እግር ላይ ያለው አምባር ቀኑ ያለፈበት ይሁን አይሁን የሚያውቀው መፈተሻውን አውጥቶ ካየ ብቻ ነው።